«ሁሉም ሰው እያወራው ነው» ማስረጃ ይሆናል?

በቀን ስንት የጤና መልእክት ስልካችሁ ላይ ይደርሳል? «ለኤች አይ ቪ ፈዋሽ መድኃኒት ተገኘ»፣ «ይህ ክትባት መካን ያደርጋል»፣ «ለሃያ ሰው ሳታስተላልፉ እንዳታልፉ» የሚሉትን ማለታችን ነው። አብዛኛውን ስቀን እናልፈዋለን። አንዳንዱ ግን ሰው ይገድላል። አጋንነን አይደለም፤ እዚሁ ቅርባችን ሆኗል።

ጊዜው ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ነው። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቀው ሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም ወደምትባል ከተማ ባለሙያዎች ለጥናት ሥራ ሄደው ነበር። «ልጆቻችንን በክትባት ስም ሊጎዱ የመጡ ናቸው» የሚል ወሬ ተነሳ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ፣ በወቅቱ እንደተዘገበውም በፌስቡክ ጭምር ተዛመተ። ሕዝቡ ተቆጥቶ ወጣ። ሁለት ተመራማሪዎች በድንጋይ ተደብድበው ሞቱ። ወሬው ውሸት ነበር።

ከወጣው ሰው መካከል ልጁን ለማዳን ብሎ የሮጠ እንደሚኖር መገመት አያዳግትም። ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለእኛ ትምህርት አይሆንም ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አንድ ወሬ ከአሥር ሰው ስንሰማ አሥር ምስክር ያገኘን ይመስለናል። አሥሩም የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ግን ምስክሩ ያው አንድ ነው። እሱም ምናልባት ምንም አላየም።

ባሕር ዳር ድልድዩ ላይ ቆሞ ዓባይን የሚያይ ሰው ውኃው ከጣና የሚጀምር ሊመስለው ይችላል። ወደ ሐይቁ የሚገባውን ግልገል ዓባይን ተከትሎ ወደ ላይ ቢወጣ ግን ሰከላ ይደርሳል፣ ግሽ ዓባይን ያገኛል። መልእክትም እንደዚሁ ነው፤ «ጓደኛዬ ላከልኝ» ማለት ድልድዩ ላይ መቆም ነው እንጂ ምንጩ ጋ መድረስ አይደለም። ቴሌግራም ላይ የተላለፈ መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደመጣ ከላዩ ላይ ይጽፋል። እሱን ነክታችሁ ግቡና እዩ። ባለቤቱ ማን ነው? መቼ ነው የጻፈው? ከሥር «ለማዘዝ ይደውሉ» የሚል ስልክ ቁጥር አለ? ካለ ሰውየው ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ስለ ሸቀጡ የሚናገረውን ደግሞ ገበያ ወጥቶ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

«እሱስ ያልተማረ ሰው ነው የሚታለለው» የሚል አይጠፋም። የደቡብ አፍሪካው ፕሬዝዳንት የነበሩት ታቦ ምቤኪ የተማሩና ብዙ የሚያነቡ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ገደማ «ኤች አይ ቪ ኤድስን አያመጣም» የሚሉ ሰዎች ያሰራጯቸውን ጽሑፎች ከኢንተርኔት እያወጡ አነበቡ፤ ሐሳቡንም ትልቅ ቦታ ሰጡት። መንግሥታቸው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ለሕዝቡ ለማዳረስ ዘገየ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በዚያ መዘግየት ምክንያት ከ2000 እስከ 2005 ከ330,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን እንዳጡ ገምተዋል። የሐሳቡ አራማጆች ውስጥ የታወቀ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበረበት። ስለዚህ «ዶክተር እገሌ ነው ያለው» ሲባል፣ በዚያው ሙያ ያሉ ሌሎችስ ስለ እሱ ምን ይላሉ ብሎ ከዚያ ገጽ ውጪ መፈለግ ይገባል።

ከፍጹም ውሸት ይልቅ የሚያሳስበን ግማሽ እውነት ነው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ በትክክል የሚወስድ ሰው በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ሊወርድ ይችላል። እዚያ ደረጃ ላይ እስከቆየ ድረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ይህ የተረጋገጠ ነው። አንዱ ብድግ ብሎ «እንግዲህ ድኗል፣ መድኃኒቱን ይተው» ብሎ ይጨምርበታል። ቫይረሱ ግን በአንዳንድ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። «ፈውስ ተገኘ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የሚባል ሰው በእርግጥ ከቫይረሱ ነፃ ሆኗል። ይሁንና የደም ካንሰር ስለነበረበት እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 የመቅኒ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ሕክምና ነው፤ በጠርሙስ አይሸጥም።

በጣና ዳርና ደሴቶች ብዙ ገዳማት አሉ፣ ጠበል የሚጠመቅም ብዙ ነው። «ጠበል የጀመረ መድኃኒት ይጣል፣ ቤተ ክርስቲያን ብላለች» የሚል መልእክት ሲመጣ ጥያቄው ቀላል ነው፦ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምን አለች? ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑና እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል። በሰው ስም የሚነገርን ከባለቤቱ መጠየቅ ማለት ይኼ ነው።

ላኪዋ የጎረቤት እናት ብትሆንስ? «ውሸት ነው!» ብሎ መመለስ ነውር ነው፣ አይጠቅምምም። «እማማ፣ ይሄን ማን ነው የላከልዎት? ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ጠይቄ ልምጣ፣ እስከዚያ ለሰው አይላኩት» ማለት ግን ይቻላል። በክፍል ጓደኞች ግሩፕ ላይ ደግሞ «ምንጩስ?» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ለመሳቅ ብሎ ማስተላለፍም ያው ማስተላለፍ ነው፤ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው ሳቃችሁን አያይም።

የሚያጠራጥር መልእክት ቢያድር ምንም አይሆንም። የማያድር ጉዳይ ግን አለ። አንድ ሰው ተገዶ ከተደፈረ ወይም በሌላ መንገድ ለቫይረሱ ተጋልጬ ይሆናል ብሎ ከሠጋ ኢንተርኔት ላይ መልስ ሲፈልግ መዋል የለበትም። በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። መከላከያው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በፈጠነ ቁጥርም የተሻለ ይሠራል። ለ28 ቀን ይወሰዳል።