መድረሳ ላይስ እንዴት ነው?

ቤቴ ደሴ ነው፤ የማስተምረው ግን ኮምቦልቻ፣ አንደኛ ደረጃ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ መውረድና መውጣት ለምዶብኛል። ወላጅ መጥቶ «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ቀልብ የለውም፤ ምን ይሻለኛል?» ሲለኝ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ክፍሉ አይደለም። «መድረሳ ላይስ እንዴት ነው? ሱቅ ስትልኩትስ?» እላለሁ። የክርስቲያኑን ልጅ ደግሞ ስለ ሰንበት ትምህርት ቤቱ።

ኤዲኤችዲ የሚባለው የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት እክል ቦታ አይመርጥምና ነው። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ ነው የሚሉት ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ጀምረው፣ ቢያንስ 6 ወር ዘልቀው፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ሲታዩና ትምህርቱን ወይም ኑሮውን ሲያውኩ ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ የሚቁነጠነጥ ልጅ ችግሩ ሒሳቡ ይሆናል። ወይም እኔ።

እክሉ ያለበት ጥያቄው ሳያልቅ መልሱን ይጮኻል፤ ተራ መጠበቅ አይሆንለትም። እርሳሱን፣ ደብተሩን፣ ሹራቡን ይጥላል። ሦስት ነገር እንዲያመጣ ቢላክ አንዱን ይዞ ይመለሳል፣ ያውም መንገድ ላይ ተጫውቶ። እንዲህ ያለው ልጅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዱላም አያጣውም። እኔን ይበልጥ የምታሳስበኝ መስኮት ዳር ተቀምጣ ማንንም ሳትረብሽ ሰኔ ላይ የምትወድቀው ናት። ቅብጥብጥነት የሌለበት፣ ትኩረት ብቻ የሚጎድልበት ዓይነትም አለ፤ ሴቶች ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። «ጨዋ ናት» ይሏታል፣ በቃ።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የቡታጅራ ጥናት እክሉን ከ100 ልጆች 1.5 ያህሉ ላይ አግኝቶታል፤ የዓለሙ ግምት ወደ 5 ይጠጋል። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል ከአንድ እስከ ሦስት መሆኑ ነው። «ክፍሉ በሙሉ ኤዲኤችዲ ነው» የሚል ባልደረባ አለኝ፤ አልሰማውም።

እኛ ጋ ደግሞ የሚያሳስት ነገር አለ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ያኔ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ተማሪዎቼ ናቸው። በር ሲንኳኳ የሚደነብር፣ ሌሊት የሚባንን፣ ቀን የሚፈዝ ልጅ ኤዲኤችዲ ያለበት ይመስላል። የሚለየው እናቱን «ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ ከዚያ ወዲህ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። ጆሮው የሚመግል፣ ደም ያነሰው፣ ወላጆቹ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ፈረቃ እየገቡ እንቅልፉ የተዛባም እንዲሁ ነው። በመሐል ለአፍታ ድርቅ ብሎ የሚቀር ከሆነ የሚጥል በሽታ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይታይ።

እክሉ በአብዛኛው በዘር የሚመጣ ነው፤ የአስተዳደግ ብልሹነት አይወልደውም። በርበሬ ማጠን ደግሞ ልጁን ከማሳል በቀር የሚያድነው ነገር የለም። ጠበሉንም ዱዓውንም አልከለክልም፤ ከሐኪም ጋር አብሮ ይሄዳል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ መጀመሪያ የሚመከረው መድኃኒት ሳይሆን ወላጅን ማሠልጠን ነው። ከፍ ላለው ሐኪሙ ሜቲልፌኒዴት የመሰለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። እኔ ክፍል ውስጥ ፊት አስቀምጠዋለሁ፣ ትእዛዝ አንድ በአንድ እሰጠዋለሁ፣ ሰሌዳ አስጠርገዋለሁ።

አብሽሩ፣ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ስትሄዱ ደብተሩንና መምህሩ የጻፈላችሁን ወረቀት ያዙ፤ አዲስ ሰው ፊት ልጁ ጭምት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላልና።