ርቀቱን ለ900 ማካፈል አይበቃም

«አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ርቀቱን ለ900 አካፍልና ሰዓቱን ታገኛለህ» የሚለው ስሌት እንግዳ በሚጠበቅበት ቤት ሁሉ ይሰማል። ስሌቱ ግን ገና ከአገር ሳይወጣ ይፈርሳል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ቦሌ ኤርፖርት ድረስ በቀጥታ መስመር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በረራው 22 ደቂቃ ብቻ መፍጀት ነበረበት፤ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። በመስመሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚመደበው ባለ ፕሮፔለሩ ቦምባርዲየር ከጄት ይዘገያል፤ ወደ ማኮብኮቢያው መሄዱ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ ተራ መጠበቁም ጊዜ ይበላል። ከደብረ ታቦር ለሚነሣ ሰውማ በወረታ በኩል ባሕር ዳር የሚያደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የመኪና መንገድ ከበረራው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል።

ዋሽንግተን ድረስ ሲሆን ስሕተቱ ይሰፋል። ከአዲስ አበባ ከ11,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሲመለሱም ያው ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከዋሽንግተን በቀጥታ ተነሥቶ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ሲሄድ ግን ባለፉት ዓመታት በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ከ16 ሰዓት በላይ ሲፈጅበት ቆይቷል። ብዙ ሰው ይህን ማረፍ ተሳፋሪ ለመልቀም ብቻ የተደረገ ይመስለዋል። ገበያው ድርሻ አለው፤ ዋናው ምክንያት ግን የቦሌ ከፍታ ነው። 2,334 ሜትር ላይ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ሲሳሳ፣ የሞተሩም ጉልበት ሲቀንስ፣ አውሮፕላኑ ነዳጅም ሰውም ሞልቶ መነሣት ይቸግረዋል። ስለዚህ ቀለል ብሎ ይነሣና ቆላ ወርዶ ነዳጁን ይሞላል።

«ደጋ ላይ ያለ ኤርፖርት እኮ ሽቅቡን አስቀድሞ ጨርሶታል» የሚል ይኖራል፤ ጉና ተራራ ሥር ለሚኖር ሰው ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እውነት ነው፣ ከሽቅቡ ጥቂት ደቂቃ ይተርፋል፤ የሚታጣው የመሸከም ዐቅም ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ደብረ ታቦር ላይ፣ 2,700 ሜትር ገደማ፣ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ባቄላው ምድጃ ላይ የሚቆየው በሳሳው አየር ምክንያት ነው፤ ክንፍንም የሚሸከመው ያው አየር ነው። ሸክም ጊዜን እንደሚወስን ደግሞ ይህ አገር ቀድሞ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት 7 ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ፤ ርቀቱ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ወደ አውሮፕላኑ ስንመለስ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ ለአዲሱ ኤርፖርት የተመረጠው ቦታ ከቦሌ ዝቅ ያለ ስለሆነ ይህን የሸክም ችግር ያቃልላል።

ሌላው ተረት የምድር መዞር ነው፦ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር መድረሻው ራሱ ይመጣለታል» ይባላል። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ወደ ዋሽንግተን መሄዱ ይፈጥን ነበር። አየሩ ከምድር ጋር አብሮ ስለሚዞር የሚገኝ ትርፍ የለም። ከማረፉ ሌላ የጊዜውን ልዩነት የሚያመጣው ነፋስ ነው። አጭሩ መስመር በስፔንና በሰሜን አትላንቲክ በኩል ያልፋል፤ እዚያ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ አንዳንዴ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወደ አገር ቤት የሚመለሰውን ከኋላው ይገፋዋል፤ የሚሄደውን ከፊት ይገጥመዋል። የሚሄደው ስለዚህ ተጨማሪ ነዳጅ ያሻዋል፤ ቦሌ ላይ ይዞ መነሣት የሚቸግረውም ያንኑ ነዳጅ ነው።