ፋይሉ ካለቀ በኋላ የመጣ ቡና



ተመርቀው ወረዳና ክፍለ ከተማ የተመደቡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄ አለ። ባለጉዳዩ ፋይሉ ካለቀለት በኋላ ተመልሶ ይመጣና ሁለት ኪሎ ቡና ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። ሠራተኛው አልጠየቀም፤ ጉዳዩንም የፈጸመው በሕጉ መሠረት ነው። ታዲያ ቡናው ሐላል ነው ወይስ ሐራም? ዘንድሮ ከመካከላችን ብዙዎች ስለሚመረቁ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ለማየት ወደድን።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ የታወቀ ሐዲስ አለ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኢብኑ ሉትቢያ የሚባለውን የአዝድ ሰው ከበኒ ሱለይም ጎሣ ዘካ እንዲሰበስብ ላኩት። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፈለና አንዱ የእናንተ ነው፣ ሌላው ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው ይህ ሰው በአባቱ ወይም በእናቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ልብ እንበል፣ ሰውየው ምንም አልደበቀም። የተቀበለውን በግልጽ ተናግሯል፤ እንደ ሌባም አልቆጠረውም። ችግሩ ስጦታው ለእሱ ሳይሆን ለተቀመጠበት ወንበር የመጣ መሆኑ ነው።

ስለዚህ “ሳልጠይቅ ነው የሰጡኝ” ማለት መልስ አይሆንም። ጥያቄው እኛ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ባንቀመጥ ኖሮ ቡናው ይመጣ ነበር ወይ የሚለው ነው። ወረፋ ላይ የቆሙት ሰዎችም ቡናውን ያያሉ። በማግስቱ ባዶ እጇን የመጣች እናት ጉዳይዋ ቢዘገይ፣ ምክንያቱ ሌላ እንኳ ቢሆን፣ ቡና ስላላመጣች ነው ብላ ታስባለች። እኛስ በእርግጠኝነት አይደለም ማለት እንችላለን?

የአገራችን ሕግም ጉዳዩን አልተወውም። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ የሚቀበለውን ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውንም ይቀጣል። ሪሽዋን በተመለከተም ሰጪውም ተቀባዩም የተረገሙ መሆናቸውን ከሐዲስ እናውቃለን። አዋጅ ቁጥር 668/2002 ደግሞ ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በሕግ የተለዩ ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ ያዛል። ይህን ከውጭ የመጣ አሠራር አድርገው የሚያዩት አሉ። ነገር ግን ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) አገረ ገዢ ሲሾሙ ሀብቱን ያስመዘግቡ እንደነበር፣ በኋላ ከደመወዙ ጋር የማይመጣጠን ሀብት ሲያገኙም ከፍለው ወደ በይተል ማል ይመልሱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ሹማምንቱን እየዞረ የሚመረምረው ሙሐመድ ኢብኑ መስለማ (ረ.ዐ.) ነበር።

እዚህ ላይ ግን ራሳችንን መውቀስ ያለብን ነገር አለ። በሱረቱል ቀሰስ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እንዲቀጠሩ ለአባቷ የመከረችው ልጅ የጠቀሰችው ሁለት ነገር ነው፤ ጥንካሬና ታማኝነት። እኛ በየደርሱ ስለ ታማኝነት ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ብቃት ግን ዝም እንላለን። ጉቦ የማይነካ፣ ነገር ግን ፋይል የሚያጠፋ፣ ደብዳቤ መጻፍ የማይችልና ከምሳ በኋላ የማይገኝ ሠራተኛም ሕዝብን ያንገላታል። ለመንግሥት ሠራተኞች የተለየ ተቋም ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አዲስ አበባ ውስጥ በኮሌጅነት ሲቋቋም ዋና ሥራው ከየክልሉ የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞችን ማሠልጠን ነበር። ሙያ በሌለበት ሥነ ምግባር ብቻውን ወረፋ አያሳጥርም።

አዲስ አሠራር ሲመጣ “ይህ ቢድዓ አይደለም ወይ?” የሚሉ ወንድሞችም አልጠፉም። ቢድዓ በዲን ውስጥ የሚጨመር ነገር እንጂ የመዝገብ አያያዝ አይደለም። የበስራው ገዢ አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ (ረ.ዐ.) ቀን የሌላቸው ደብዳቤዎች እየደረሱን ተቸግረናል ብለው ለኡመር ጻፉ። “ሻዕባን” ብቻ የተጻፈበት የዕዳ ሰነድም ቀርቦ፣ የትኛው ሻዕባን? ያለፈው ወይስ የሚመጣው? የሚል ክርክር መነሣቱ ይተረካል። ሰሐቦች ተማክረው የዓመት ቁጥሩን ከሂጅራ ጀመሩ። ዛሬ ረመዷንን የምንቆጥርበት የሂጅራ ዓመት በቢሮ ችግር ምክንያት የተወለደ ነው ማለት ነው! የወታደሮችን ስምና ድርሻ የሚይዘው ዲዋንም ከፋርሶች ልምድ የተወሰደ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የብዙ መሥሪያ ቤቶችን ጉዳይ አንድ ቦታ ሲያሰባስብ የሚያደርገው ከዚህ የራቀ አይደለም። “ሲስተም የለም” እየተባለ ሰው የሚመለስ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ብቻውን ምንም አይፈይድም።

ወደ ቡናው እንመለስ። ባለጉዳዩን ሳናሳፍር፣ “አላህ ይስጥልን፣ ደመወዝ አለን፣ ዱዓ ያድርጉልን” ብለን እንመልሳለን። ጥሎ ከሄደ ለኃላፊው አስረክበን እናስመዘግባለን። ከሹመት በፊትም ስጦታ የመለዋወጥ ልማድ ስላላቸው ሰዎች ብዙ ፉቀሃዎች፣ ሰጪው ሠራተኛው ዘንድ ጉዳይ ከሌለውና ስጦታው ከበፊቱ ካልበለጠ ፈቅደዋል። ስለዚህ በየዓመቱ ማር የምትልክ አክስት ዘንድሮም ትላክ። የቤት ካርታዋ እኛ ቢሮ ያለ ከሆነ ግን ካርታው ለሌላ ባለሙያ ይተላለፍ፣ ማሩም እስኪያልቅ ይቆይ።