ግድግዳው ሲጠቁር፣ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት

የዚህ አገር ክረምት ሲገባ በአሽዶድ ሮቫ ዳሌት በየቤቱ ስንዞር ደጋግመን የምንሰማው አቤቱታ አንድ ነው፤ «ለሮሽ ሃሻና ብለን ቀለም አስቀባን፣ ዝናብ ሲጀምር ግድግዳው ተመልሶ ጠቆረ» የሚል። ነገሩ የቤት መልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አስም ያለበት ልጅ በእንዲህ ያለ ክፍል ሲተኛ ሳሉ ይብስበታል።

ይህ ጥቁር ነገር ሻጋታ ነው፤ በዕብራይስጥ ዖቬሽ ይባላል። የሚበቅለውም እርጥበት ባለበት ነው። አገር ቤት የጎጆው ጭስና እንፋሎት በሣር ክዳኑ እየሾለከ ይወጣ ነበር። እዚህ የምንኖረው በኮንክሪት ውስጥ ነው። መስኮቱና ትሪሱ ከተዘጋ የምጣዱና የሻወሩ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ እርጥበት፣ የሰውም ትንፋሽ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ሲደርስ ውሃ ይሆናል። የባሕሩ አየር ደግሞ ይጨምርበታል።

ስለዚህ አስቀድሞ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይታይ። እድፉ ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ ከሆነ ከጣሪያ ወይም ከተሰነጠቀ የውጭ ግድግዳ ሊሆን ስለሚችል ለቫድ ባይት ንገሩ፤ ጣሪያው የጋራ ነው። ክረምት ከበጋ የሚረጥብ ከሆነ ቧንቧ ይመርመር። በማዕዘንና በቁም ሣጥን ጀርባ ብቻ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ መድኃኒቱም ገንዘብ አይጠይቅም። ጧትና ማታ ለአሥር ደቂቃ በሁለት በኩል መስኮት ክፈቱ፤ ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ትንሽ አርቁት። እንጀራ ሲጋገርም መስኮቱ ክፍት ይሁን። ጎረቤት በሽታው እንዳያማርር ብለው ዘግተው የሚጋግሩ እናቶች እንዳሉ እናውቃለን። የእንጀራ ሽታ ማንንም አይጎዳም፤ የታፈነው እንፋሎት ግን ልጆቻችሁን ይጎዳል።

በሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። መጀመሪያ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ። በኤኮኖሚካ ስታጥቡ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን አስወጡ። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትደባልቁት፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ተከራዮች ደግሞ ጥገናውን ሁሉ ከኪሳችሁ መክፈል የለባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው የኪራይ ሕግ መሠረት፣ ተከራዩ ያላደረሰውን ብልሽት ባለቤቱ ከተጠየቀ በኋላ ቢዘገይ በ30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ መጠገን አለበት። ጥያቄው በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ይኑረው፣ የግድግዳው ፎቶግራፍም ይያያዝ። በዕብራይስጥ መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ውሉን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እንጽፋለን።