ዋልያውና ገበሬው፦ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ታሪክ

ዓይን ገዲ የሄደ ሁሉ ያዔልን ያውቀዋል። ገደሉን እንደ ሜዳ የሚረግጥ፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የቆለመመ የዱር ፍየል ነው። የእስራኤል የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ዓርማም እሱ ነው። የቅርብ ዘመዱ ዋልያ ግን የሚኖረው በኢትዮጵያ፣ በሰሜን ተራሮች ብቻ ነው። በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም።

የሰሜን አገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቤተ እስራኤል መሪ ጌዴዎን የአፄ ሱስንዮስን ጦር የተቋቋመው በእነዚህ አምባዎች ነበር። ከመካከላችንም አያቶቹ ከዚያ የመጡ አሉ። ስለዚህ የፓርኩን ታሪክ ማወቅ ይገባናል።

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ምክንያቱ ዋልያ በአደን ብዛት ሊጠፋ መቃረቡ ነበር። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመዘግብ ከ12ቱ ቦታዎች አንዱ ሰሜን ሆነ። ላሊበላም በዚያው ዓመት ተመዘገበ።

ነገር ግን የፓርኩ ድንበር ሲሰመር ውስጡ ባዶ አልነበረም። ገብስ የሚያርስ፣ በግና ከብት የሚያረባ ሕዝብ ይኖርበት ነበር። ትናንት የአባቱ ርስት የነበረው ዛሬ የተከለከለ ቦታ ሆነበት። በደርግ ዘመን፣ በ1978 እና 1979፣ ከገደሉ በታች የነበሩ መንደሮች በኃይል ተነሡ። የተነሣው ሕዝብ ፓርኩን እንደ ጠላት ቢያየው አያስገርምም። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜም ጥበቃው ተቋረጠ።

በሌላ በኩል የጥበቃ ሠራተኞች ስጋትም እውነት ነው። ከብት ሲበዛ ለዋልያ የሚሆን ሣር ያልቃል፤ ዳገቱ ሲታረስ አፈሩ በዝናብ ይታጠባል። የመንደር ውሾች ደግሞ ለቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፋሉ። በዚህና በፓርኩ ውስጥ በተሠራው መንገድ ምክንያት ዩኔስኮ በ1996 ሰሜንን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገባው።

ከዚያ ለመውጣት 21 ዓመት ፈጀ። ድንበሩ እንደገና ተሠመረ፤ ብዙ መንደሮች ከፓርኩ ውጭ ሆኑ፣ ዋልያ የሸሸባቸው ከፍተኛ ቦታዎች ግን ተጨመሩ። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ ወደ 412 ሰፋ። ተለዋጭ መንገድም ተሠራ። በ2016 የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ለዓለም ይህ የምሥራች ነበር፤ ለግጭ ሰው ግን ከቀዬው የተነቀለበት ታሪክ ነው። የካሣ ገንዘብ ያልቃል፤ መሬት ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በሚያዝያ 2019 ፓርኩ በእሳት ሲያያዝ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ለማጥፋት ወጣ። ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሄደው አገዙ። ከ2020 ወዲህ ግን በሰሜን ኢትዮጵያ በተነሣው ጦርነት፣ በኋላም በአማራ ክልል በተከተለው ግጭት ቱሪስት ቀረ። በአስጎብኚነት፣ በበቅሎ ኪራይ፣ በምግብ ማብሰልና በጥበቃ ይተዳደር የነበረ ሰው ገቢው ተቋረጠ። አደን ተመለሰ፤ የዋልያም ቁጥር ክፉኛ ቀነሰ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ፤ ዋልያው የሚድነው ጎረቤቱ ገበሬ በሕይወት መኖሩ ሲጠቅመው ነው። የተራበ ሰው ባለበት ተራራ አጥር ብቻውን አያድንም።

በቤታችሁ ከሰሜን የመጡ አባት ወይም እናት ካሉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ከብቱ በየትኛው ወር ወደየት ይወጣ ነበር? የትኛው ጫካ አይነካም ነበር? ዋልያን በዓይናቸው አይተውታል? የሚነግሯችሁን በስልካችሁ ቅዱት። ፓርክ ሳይኖር በፊት ሰውና ተራራ እንዴት አብረው እንደኖሩ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።