የቆላ ቤት ፍሪጅ ማቀዝቀዝ ሲያቅተው

የወይጦ ወንዝ ወደ ጨው ባሕር በሚወርድበት በአርቦሬ ሜዳ ሙቀቱ ብርቱ ነው። ጧት የታለበ ወተት ሳይቆመጥጥ ቢያመሽ የቤት እመቤት ደስ ይላታል። ስለዚህ በዚያ አገር ፍሪጅ ያለው ቤተ ሰብ ዕቃውን የሚቈጥረው እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ጎተራ ነው። ፍሪጁ ማቀዝቀዝ ባቃተው ዕለት የሕፃኑ ወተትና የበዓሉ ሥጋ ይበላሻሉ፤ በቤቱ የስኳር ሕመምተኛ ያለ እንደሆነም የኢንሱሊን መድኀኒቱ ያሠጋል።

በአርቦሬ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ከጂንካ ያመጣው ፍሪጅ በሳምንቱ ሰነፈበት። የተጠራው ጠጋኝ «ጋዙ አልቋል» ብሎ ብዙ ብር ጠየቀ። ወዳጄ ግን ከመክፈሉ በፊት ዕቃውን ዙሪያውን ተመለከተው። ጀርባው የከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከሚያግለው የቆርቆሮ ግድግዳ ጋር ተለጥፏል፤ በግራና በቀኙም የተማሪዎች ደብተር የተሞላ ካርቶን ታጭቋል። ካርቶኑን አንሥቶ፥ ፍሪጁን ጥላ ወዳለው ግድግዳ አዛውሮ፥ ከጀርባው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ቢተውለት በማግስቱ ውኃው ቀዝቅዞ አገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሪጅ ብርድን አይፈጥርም፤ በውስጡ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። በቧንቧው የሚዞረው ጋዝ በውስጥ በኩል ሲተን ሙቀትን ይቀበላል፤ ሞተሩ ጨምቆ ወደ ውጭው ቱቦ ሲልከው ደግሞ ሙቀቱን ለአየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል። የውጭው አየር የታፈነ ወይም የጋለ እንደሆነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ሞተሩም ሌት ተቀን ቢደክም ፍሬ አያገኝም። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ስለሚዞር እንደ ላምባ ተቃጥሎ አያልቅም፤ የሚጐድለው ቧንቧው ሲያፈስ ነው። ስለዚህ «ጋዝ ልሙላ» የሚል ጠጋኝ ሲመጣ «ያፈሰሰው በየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ደግሞም ፍሪጅ ሁሉ ለቆላ አልተሠራም። በዕቃው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የአየር ጠባይ መደቡ በላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል። «ኤን» የተባለው የክፍሉ ሙቀት እስከ 32፥ «ኤስ ቲ» እስከ 38፥ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢደርስ እንዲሠራ የታሰበ ነው። ለአርቦሬና ለመሰሉት አገሮች የሚገዛ ሰው የመጨረሻውን ይምረጥ።

እንግዲህ ፍሪጅዎ ሲሰንፍ በተራ ይመርምሩ። በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ይዩ። የውስጡ አምፑል እየበራ ሞተሩ «ቀጭ» ብሎ ሳይነሣ የሚቀር ከሆነ የኀይል ማነስ ሊሆን ይችላል፤ በአገራችን ፍሪጅ የሚሠራው በ220 ቮልት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስም ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ታግሠው ይሰኩት።

ሁለተኛ፥ ሶኬቱን ነቅለው በጀርባው ወይም በሥሩ ባለው ቱቦ ላይ የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ። ሦስተኛ፥ በበሩ ጎማ መካከል ወረቀት አግብተው ይዝጉ፤ ወረቀቱ ሳይያዝ ከወጣ ሙቀት በዚያ ይገባል፤ ጎማውን በሳሙና ውኃ ይጠቡ፥ ካልያዘም ያስለውጡ።

ፍሪዘሩ እየበረደ ሌላው ክፍል የሚሞቅ ከሆነ፥ ቀዝቃዛው አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ በዕቃ ወይም በበረዶ ተዘግቶ ይሆናል። ዕቃውን አውጥተው፥ ሶኬቱን ነቅለው፥ በሩን ከፍተው በረዶው በራሱ እስኪቀልጥ ይተዉት፤ እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። በረዶውን በቢላዋ መፈልፈል ክልክል ነው፤ ቧንቧው ይበሳል፥ የብዙዎቹ አዳዲስ ፍሪጆች ጋዝም በእሳት የሚያያዝ ነው። በረዶው በጥቂት ቀን ተመልሶ ቢዘጋው ማራገቢያው ወይም በረዶ ማቅለጫው ተበላሽቷልና ባለሙያ ይጥሩ።

በበዓል ጊዜ ደግሞ የታረደውን ሥጋ ባንድ ጊዜ ማጨቅ ፍሪጁን ያደክመዋል። በትንንሹ ከፋፍለው አየር እንዲያልፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ የተረፈውን ቋንጣ ማድረግ የእናቶቻችን ጥበብ ነው።

ሥራው መቃናቱን ለማወቅ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቴርሞሜትር ነክረው በፍሪጁ ያሳድሩ፤ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ካሳየ ደኅና ነው። ለፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ያሻል። ኀይሉ ሙሉ ሆኖ ሞተሩ ካልተነሣ፥ ወይም ሳያቋርጥ እየሠራ የውጭው ቱቦ ምንም ካልሞቀ፥ ያን ጊዜ በእውነት የጠጋኝ ሥራ ነው።

ጠጋኙ እስኪመጣ በሩን ደጋግመው አይክፈቱ፤ ኢንሱሊኑንም ከፀሐይ አርቀው፥ ውኃ እንዳይነካው ጠቅልለው፥ ከውጭ በራሰ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ያቆዩና የጤና ባለሙያ ያማክሩ። ከሁሉ አስቀድመው ግን፥ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት፥ ወዳጄ እንዳደረገው ፍሪጁን ይዙሩትና «ሙቀቱ በየት ይወጣል?» ብለው ይጠይቁ።