ጥጡና ሸሚዙ የማይተዋወቁበት አገር

የፈትል ክፍል ሰው ጥጥ ሲሰጡት ከማየቱ በፊት ይስበዋል። ቆንጠር ያደርግና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ፣ በሌላ እጁ ቀስ እያለ እየሳበ ቃጫውን ጎን ለጎን ያሰልፋል፤ ከዚያ ርዝመቱን በዓይኑ ይለካል። ቃጫው ረጅምና እኩል ከሆነ ቀጭን፣ ጠንካራ ክር ይወጣዋል። አጭሩ ከረጅሙ ከተደባለቀ ግን ክሩ ማሽን ላይ ሲበጠስ ይውላል። እኔ ከመተማ፣ ከአዋሽ ሸለቆና ከኦሞ የመጣ ጥጥ እየሳብኩ ነው የሸበትኩት። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጨርቃ ጨርቅ ወዴት እየሄደ ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው አስቀድሜ የማወራው ስለ ጥጥ ነው፤ ስለ ሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በኋላ እንደርስበታለን።

የእኛ ጥጥ የሚለቀመው በእጅ ነው። ይህ ብዙ አገሮች የሌላቸው ጸጋ ነው። ማሽን የለቀመው ጥጥ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ይመጣል፤ የሰው እጅ ግን የፈካውን መርጦ ያነሳል። ታዲያ ይህን ጸጋ ማሳው ዳር እናበላሸዋለን። ለቃሚው ጥጡን የሚሞላው ብዙ ጊዜ በማዳበሪያ ነው፤ ያንን የፕላስቲክ ጆንያ ማለቴ ነው። ከጆንያው አፍ የሚላላጠው ክር ከጥጡ ጋር ይዳመጣል፣ አብሮ ይፈተላል፣ አብሮ ይሸመናል። እስከ ማቅለሚያው ድረስ ማንም ልብ አይለውም። ቀለም ሲነከር ጥጡ ይጠጣል፣ ፕላስቲኩ አይጠጣም፤ ጥቁር ሰማያዊው ጨርቅ ላይ ነጭ ጭረት ሆኖ ብቅ ይላል። ያን ጨርቅ የውጭ ገዢ አይቀበልም። ይህን ለመከላከል ሴቶች ሙሉ ፈረቃ ተቀምጠው ጥጥ እየበተኑ የጆንያ ክር ሲለቅሙ አይቻለሁ። ለቃሚው ከጥጥ ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት ቢሰጠው ኖሮ ይህ ድካም ባልኖረ ነበር። በመስኖ በሚለማው በአዋሽ ደግሞ ነጭ ዝንብ የሚባለው ተባይ ሌላ ጣጣ አለው። ጥጡ ላይ ስኳርነት ያለው ፈሳሽ ይተዋል፣ ቃጫውም ማሽኑ ላይ ይጣበቃል።

ከጥጡ ቀጥሎ መብራት ነው። ክር የሚፈትለው አንድ የሪንግ ማሽን በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዝርቶች ተሸክሞ ነው የሚዞረው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሁሉም ይቆማሉ፤ ተመልሶ ሲነሳ ክሩ እዚህም እዚያም ይበጠሳል፤ ሠራተኛዋም እየዞረች አንድ በአንድ በጣቷ ትቀጥላለች። የመብራቱ መጥፋት ጥቂት ደቂቃ ቢሆን እንኳ ማሽኑ ወደ ሥራው ለመመለስ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። የአዳራሹ እርጥበትም ይወርዳል፤ በደረቅ አየር ደግሞ ጥጥ አይፈተልም፣ ይበናል እንጂ። ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከልቤ የተደሰትኩት አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ግድቡ ኃይል አመነጨ ማለት ግን ፋብሪካው በር ላይ ያለው መስመርና ትራንስፎርመር ተስተካከለ ማለት አይደለም። ለእኛ ሙያ የሚቀረው ሥራ እዚያ ነው።

የቀድሞዎቹ ፋብሪካዎቻችን ከጥጡ ጋር በደንብ ይተዋወቁ ነበር። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1939 ድሬዳዋ ላይ የተከሉት፣ በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የቆመው የባሕር ዳሩ፣ በኋላም የኮምቦልቻው፣ ጥጥ በአንድ በር ገብቶ አቡጀዴ ወይም አንሶላ ሆኖ በሌላው የሚወጣባቸው ነበሩ። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የግል የነበሩትን ወረሰ። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ አረጁ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ አንዳንዱ ተሸጠ፣ አንዳንዱ ተዘጋ። ያም ሆኖ ከመዳመጥ እስከ ማቅለም ያለውን ሙያ ለእኛ ትውልድ ያስተማሩት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ሐዋሳ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው ፓርክ 52 ሼዶች ነበሩት፤ ቆሻሻ ውኃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ 60 ሺህ ሰው ያሠራል የተባለለት ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒ.ቪ.ኤች. ራሱ መጣ። ሥራው ግን ባብዛኛው ስፌት ነበር። አጎዋ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ሕግ እንደ እኛ ያሉ አገሮች ጨርቁን ከየትም አምጥተው ቢሰፉት ልብሱ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ይፈቅድ ነበር። ለተራ የጥጥ ቲሸርት ያ ቀረጥ 16.5 ከመቶ ስለነበር ቅናሹ ቀላል አልነበረም። ስለዚህ ጨርቁ፣ ቁልፉና ዚፑ ከእስያ ተጭኖ በጅቡቲ ይገባ፣ ይሰፋ፣ በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። ሊጡን ከጎረቤት ተበድሮ እንጀራ እንደ መጋገር ነው። መተማ ላይ የተለቀመው ጥጥ ሐዋሳ የሚሰፋውን ሸሚዝ ዓይቶት አያውቅም።

በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አወጣች። ፒ.ቪ.ኤች. ከዚያ ቀደም ብሎ የራሱን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ገዢውን እዚህ የሚያቆየው ክር ወይም ጨርቅ ቢኖር ኖሮ ቀረጡን ከፍሎም ቢሆን ያስብበት ነበር ብዬ አምናለሁ። የነበረን መስህብ ግን ርካሽ ጉልበት ብቻ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ብሎታል፤ ያኔ ከዓለም የልብስ ስፌት አገሮች ዝቅተኛው ነበር። በዚሁ ጥናት መሠረት ፋብሪካዎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል በአዲስ ይተኩ ነበር። ከገጠር የመጣች ልጅ የቤት ኪራይ ከፍላ ለምሳ የማይተርፋት ከሆነ ብትሄድ አይፈረድባትም። ክር መቀጠል ለመልመድ ወራት ይፈጃል፤ በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀምር ፋብሪካ ደግሞ ጥራት አያወጣም። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከዘርፉ የወጪ ንግድ በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ይገኛል ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመጡት የተሻሉ ዓመታት እንኳ 200 ሚሊዮን አልሞላም።

መሬት አልጠፋም። ለጥጥ የሚስማማው ወደ 3 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚጠጋ ሲነገር ኖሯል፤ የሚዘራበት ግን ከመቶ አምስት እጁ አይሞላም። አንድ የመተማ ገበሬ ለምን ጥጥ እንደተወ ስጠይቀው፣ “ጋሼ፣ ሰሊጥ ሲደርስ ነጋዴው ማሳዬ ድረስ ይመጣል። ጥጥ ሲሆን እኔ ነኝ ገዢ ፍለጋ የምዞረው” አለኝ። ፋብሪካዎች ተቸገሩ ተብሎ በ2003 ዓ.ም. ጥጥ ወደ ውጭ እንዳይላክ ሲከለከል ዋጋው ገበሬው ላይ ወደቀ። ክልከላው ቢነሳም ገበሬው ትምህርቱን ወስዷል። በአዋሽ የተንዳሆ የጥጥ እርሻም ለሸንኮራ አገዳ ለቀቀ።

እኔ ተስፋ የማደርገው መሐል ላይ ባለው፣ ብዙም በማይወራለት ሥራ ነው፤ በመዳመጥ፣ በፈትል፣ በሽመናና በማቅለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል 57 ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ መግዛት ወገብ ይሰብራል። ከውጭ የሚመጣ ክርም ግን በዚያው ልክ ተወደደ፤ የአገር ውስጥ ፈትል ዋጋ የሚያወጣበት ጊዜ ቢኖር አሁን ነው። መዳመጫዎች ጥጥን በኪሎ ብቻ ሳይሆን በደረጃ ቢገዙ፣ ንጹሕ ላመጣ ገበሬ ጨምረው ቢከፍሉ፣ ዋጋውን ሳይዘራ በፊት በውል ቢያስሩለት ገበሬው ይመለሳል። ለዚህ አዲስ ፓርክ አያስፈልግም።

ገዢውም ሩቅ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ለሚሸጠው ጋቢና ነጠላ ማጉን እናቶች በእንዝርት ቢፈትሉትም ድሩ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ሽማኔዎቹ ጥለቱ ማሽን ላይ ከታተመ የውጭ ቀሚስ ጋር እየተፎካከሩ፣ ጥሩ ድር ባጡ ቁጥር የሚበጠሰውን እየቀጠሉ ቀናቸው ያልቃል። የሚፈልጉት እኩል የሆነ፣ በደንብ የከረረ የጥጥ ክር ነው። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ከመጣ፣ መብራቱም ካልተቋረጠ፣ እሱን አሁን ባሉን አሮጌ ማሽኖች መፍተል እንችላለን።